ሩቅ አገር ከጦር ኅብረት ጋር ስትዋዋል፦ የትኛው አማራጭ ለማን ይሆናል?

ኬንያ በሰኔ 2024 በአሜሪካ «ከኔቶ ውጭ ያለች ዋና አጋር» ተብላ ስትሰየም፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ የተማሪዎች ክርክር ክበብ ውስጥ ወዲያው የተነሣው ጥያቄ «እንግዲህ ኬንያ ብትወረር ኔቶ ይዋጋላታል ማለት ነው?» የሚል ነበር። አይዋጋላትም። ስያሜውን የሚሰጠው የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ኔቶ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች የጦር ኅብረት፣ የለበትም። አሜሪካም ብትሆን በዚህ ስያሜ ብቻ ኬንያን የመከላከል ግዴታ አልገባችም። ጃፓን የኔቶ ጉባኤ ላይ መቀመጧ ሌላ ነገር ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የአሜሪካ ጦር መስፈሩ ሌላ ነው፤ ጅቡቲ ለጦር ሰፈር መሬት ማከራየቷ ደግሞ ሌላ። በዜና ሁሉም ተጠቅልሎ ስለሚመጣ መምህሩም ጋዜጠኛውም፣ ነገ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወንበር ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ወጣትም ይምታታበታል።

ስለዚህ አማራጮቹን ለያይቼ፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ እየመዘንኩ ላስቀምጣቸው። የትኛውንም ኃያል ለማወደስ አልተነሣሁም። ጥያቄዬ ከኅብረቱ ማእከል ርቃ የምትገኝ አገር ምን ታገኛለች፣ ምን ትከፍላለች የሚል ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ የመከላከል ግዴታ ነው። ጥቃት ቢደርስ ሌላው ወገን ምን እንደሚያደርግ በፊርማ የጸደቀ አንቀጽ አለ ወይስ የለም? የመሪዎች መጨባበጥና የጋራ መግለጫ እዚህ ላይ አይቆጠሩም። ግዴታው ካለ ደግሞ በካርታ ላይ የት ድረስ እንደሚሠራ መታየት አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል።

ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። ዋጋ ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሰው አገር ጦርነት ወታደር መላክ ዋጋ ነው፤ መሬት መስጠት ዋጋ ነው፤ የራስን ጦር ማን ያዝዛል የሚለውን መጋራትም ዋጋ ነው፤ አጥፊ የውጭ ወታደር በማን ፍርድ ቤት ይዳኛል የሚለውም እንዲሁ። ከዚያ የመውጫው ነገር አለ፦ ውሉ ስንት ዓመት ነው፣ ማን ሊያፈርሰው ይችላል፣ በምን ያህል ጊዜ ማስጠንቀቂያ?

የመጨረሻው መለኪያ፣ እኔ ከመጀመሪያው እኩል ክብደት የምሰጠው፣ ባልንጀራው በሄደ ማግስት አገር ውስጥ ምን ይቀራል የሚለው ነው። የሠለጠነ መኮንን፣ መሣሪያውን ራሱ የሚጠግን ባለሙያ፣ የሚሠራ ተቋም ይቀራል? ወይስ ባዶ ሰፈር?

እነዚህን መለኪያዎች ከጎጃም ታሪክ ብናያቸው

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በጽሑፍ የሰፈረ የጋራ መከላከያ ነበራት። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል ይል ነበር። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ስትወርረን ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ አቤት ካሉ በኋላ ሳምንታት ሳይቆዩ ማዕቀቡ ተነሣ። ብሪታንያ በ1938 የኢጣሊያን ግዛት አወቀች። ኒው ዚላንድን የመሰለች እጅግ ሩቅ አገር ያንን ወረራ አላውቅም ካሉት ጥቂቶች አንዷ እንደነበረች በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ብሪታንያ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ሳንድፎርድ የተመራው «ሚሽን 101» የተባለ የብሪታንያ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ጎጃም ግን እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየበኩላቸው ዓመታት ተዋግተው ነበር፤ ጠላት ከምሽግ ከተሞቹ ርቆ እንዳይንቀሳቀስ አድርገውታል። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲገቡ በብሪታንያዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው «ጌዴዎን ኃይል» ሁለት ሺህ ሰው እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር፤ ስንቅና ጥይት በግመል ተጭኖ፣ ግመሎቹም ደጋውን አልችል ብለው በየመንገዱ እያለቁ። ይህ ትንሽ ኃይል ቡሬንና ደምበጫን አስለቅቆ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ሊገቡ የቻሉት ገበሬው አስቀድሞ ታጥቆ ስለነበረ ነው።

ከድሉ በኋላ ሒሳቡ መጣ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ስምምነት ነፃነታችንን እያወቀ፣ የብሪታንያ መልእክተኛ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን፣ አማካሪዎቹም ከብሪታንያ እንዲሆኑ፣ ኦጋዴንና አዋሳኙ ምድር በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር እንዲቆዩ አደረገ። በምላሹ የገንዘብ ድጋፍ ነበረ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚያ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ። በ1937 ዓ.ም. በሌላ ስምምነት ተሻሻለ፤ ከዚሁ ምድር ክፍል የሆነው ሐውድ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ግን እስከ 1947 ዓ.ም. ቆይቶ ነው።

የተጻፈ ግዴታ ያለ ፍላጎት አልሠራም፤ ፍላጎት ሲገጥም ያለ ግዴታም እርዳታ መጣ፤ እርዳታውም ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን ለመቀነስ የረዳው እዚህ የነበረው የራስ ኃይል ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነባቸው በዚህ ዓይን ነው።

አማራጭ አንድ፦ ሙሉ አባልነት

ለሩቅ አገር ይህ በር ዝግ ነው። ኔቶ የቆመበት የዋሽንግተን ውል፣ ሚያዝያ 1949 የተፈረመው፣ በአንቀጽ 10 አዲስ አባል እንዲሆን የሚጋበዘው የአውሮፓ አገር ብቻ መሆኑን ይናገራል። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ገብተው አባላቱ 32 ሆኑ። አውስትራሊያ ምንም ያህል ብትቀርብ፣ ውሉ ካልተሻሻለ በቀር አትገባም።

የግዴታው አንቀጽ ግን የሌሎቹ ሁሉ ማነጻጸሪያ ስለሆነ ጠጋ ብለን እናንብበው። አንቀጽ 5 በአንዱ ላይ የተቃጣ የትጥቅ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ» ይወስዳል፣ የጦር ኃይል መጠቀምንም ይጨምራል ይላል። ማለትም እርዳታ መስጠቱ ግዴታ ነው፤ የእርዳታው ዓይነት ግን ለእያንዳንዱ አባል ውሳኔ የተተወ ነው። አንዱ ብርጌድ ሊልክ፣ ሌላው ነዳጅ ሊልክ ይችላል። በተግባር የተጠቀሰውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ነው።

ካርታውን ደግሞ አንቀጽ 6 ይወስነዋል፦ አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ቱርክ፣ እንዲሁም ከሰሜናዊው የካንሰር መስመር በላይ ያሉ የሰሜን አትላንቲክ ደሴቶች። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሐዋይ እንኳ በአንቀጽ 5 አትሸፈንም። ብሪታንያ በ1982 ደቡብ አትላንቲክ ላሉት ፎክላንድ ደሴቶች ስትዋጋ ኔቶ እንደ ኅብረት አልገባበትም። የአባል አገር መሬት ይህ ከደረሰበት፣ ሩቅ አጋር ምን ልትጠብቅ እንደምትችል መገመት አያዳግትም።

አማራጭ ሁለት፦ የኔቶ አጋርነት

ብዙ ግራ መጋባት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ኮሎምቢያና ሞንጎሊያ የኔቶ አጋሮች ናቸው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ የአራቱ አገሮች መሪዎች በ2022 ማድሪድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔቶ ጉባኤ ላይ ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ የተበጀ የአጋርነት ፕሮግራም ተፈርሟል። ፕሮግራሙ ሳይበርን፣ የባሕር ደኅንነትን፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂን፣ የጋራ ልምምድንና መሣሪያ የሚናበብበትን ደረጃ ይዘረዝራል። የመከላከል ግዴታ ግን አንድም የለበትም። በየትኛውም ወገን።

ታዲያ ለምን ይፈርማሉ? ኮሎምቢያን እንይ። በ2018 ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያዋ የኔቶ አጋር ስትሆን፣ ከውጭ ወራሪ እንዲያድናት አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ የውስጥ ጦርነትን ለመቋጨት ስምምነት ፈርማ ነበር፤ የሚያስፈልጋት ጦሯን ከሽምቅ ውጊያ አውጥታ በመደበኛ ደረጃ ማደራጀት፣ የጦሩን የውስጥ ሥነ ምግባር ማጠናከር ነበር። መኮንኖቿ ጀርመን ኦበራመርጋው ባለው የኔቶ ትምህርት ቤትና ሮም ባለው የመከላከያ ኮሌጅ ይማራሉ። በምላሹ ኮሎምቢያ ከመከራዋ የተማረችውን የፈንጂ ማምከን ሙያ ታካፍላለች፤ በ2015ም የጦር መርከቧ ኔቶ በሶማሊያ ጠረፍ ባካሄደው የፀረ ባሕር ወንበዴ ዘመቻ ተሳትፏል። ለእኔ ከአጋርነቶቹ ሁሉ ትክክለኛው አጠቃቀም ይኼኛው ነው፦ ጠባብ፣ የሚለካ፣ ሰጪና ተቀባይ ያለበት።

ደቡብ ኮሪያ ሌላ ነገር አግኝታበታለች። በ2022 ታሊን ያለውን የኔቶ የሳይበር መከላከያ ማእከል የተቀላቀለች የመጀመሪያዋ የእስያ አገር ሆነች፤ በዚያው ዓመት ፖላንድ ታንክና መድፍ በገፍ ከኮሪያ ለመግዛት ተዋዋለች። መሣሪያዋ ከኅብረቱ ደረጃ ጋር መናበቡ ገበያ ከፍቶላታል።

ዋጋውስ? አውስትራሊያ በአፍጋኒስታን ከኔቶ ውጭ ካሉት ትልልቅ ጦር ካዋጡት አንዷ ነበረች፤ 41 ወታደሮች ሞተውባታል። ሞንጎሊያም በጣም አነስተኛ በሆነ አቅሟ ወታደር ልካለች። ይህ ደም በኋላ የሚመለስ ብድር ተደርጎ ውል ላይ አልተጻፈም።

አጋርነቱ በሁሉም አባላት ስምምነት የሚመራ መሆኑም መታወቅ አለበት። በ2023 ቶኪዮ ላይ የኔቶ ማገናኛ ቢሮ ይከፈት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ፈረንሳይ ስለተቃወመች ብቻ ሳይሳካ ቀረ። ጃፓንን በሚያህል ሀብታም አገር ጉዳይ አንድ አባል እንዲህ ማገድ ከቻለ፣ ድሀ አገር ልታቅድ የሚገባት ይህን አስባ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ ግን አፍጋኒስታን ናት። በ2010 ሊዝበን ላይ ከኔቶ ጋር የዘላቂ አጋርነት መግለጫ ተፈራርማ ነበር፤ በ2012ም አሜሪካ «ከኔቶ ውጭ ያለች ዋና አጋር» ብላታለች። ካቡል ነሐሴ 15 ቀን 2021 ወደቀች። ሁለቱም ማዕረጎች አንድ ቀን አላዘገዩትም። ጦሯ አውሮፕላኖቹን ራሱ መጠገን የማይችል፣ በውጭ ኩባንያ ሠራተኞች ላይ የተንጠለጠለ ነበርና፣ እነሱ ሲወጡ አብሮ ቆመ። ከላይ የመጨረሻውን መለኪያ ያከበድኩት ለዚህ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ከአንድ ኃያል ጋር የሁለትዮሽ የመከላከያ ውል

ሩቅ አገር በእርግጥ የመከላከል ግዴታ ከፈለገች የምታገኘው እዚህ ነው። ጃፓን በ1960 ውሏ፣ ደቡብ ኮሪያ በ1953 ውሏ፣ ፊሊፒንስ በ1951 ውሏ ከአሜሪካ ጋር ይህን ይዘዋል። አባባላቸው ተቀራራቢ ነው፦ ጥቃት ቢደርስ እያንዳንዱ ወገን በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ መሠረት የጋራውን አደጋ ለመቋቋም ይነሣል። ይህም ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ ነገር ግን መሬት ላይ የሰፈረ ጦር ሲታከልበት ክብደቱ ይለያል። ኮሪያ ውስጥ ወደ 28,500 የአሜሪካ ወታደሮች አሉ፤ ኮሪያን የሚመታ እነሱንም ይመታል።

የቃኘው ሻለቃ ተዋጊዎች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ደማቸውን ያፈሰሱበት ምድር እንደመሆኑ፣ የኮሪያ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። የኮሪያ ምርጫ በእኔ ግምት ትክክል ነበር፤ ድንበሯ ላይ የቆመው አደጋ የዕለት ተዕለት ነውና። ሒሳቡ ግን ትልቅ ነው። ለአሜሪካ ጦር ማስተዳደሪያ ለ2026 የተስማማችበት መዋጮ 1.5 ትሪሊዮን ዎን ገደማ ነው። የጦሯን የሰላም ጊዜ ዕዝ የተረከበችው በ1994 ነው፤ በጦርነት ጊዜ ጥምር ጦሩን የሚያዝዘው ግን ዛሬም አሜሪካዊ ጄኔራል ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሸክሙ እኩል አልተዳረሰም፤ ከአገሪቱ ስፋት 0.6 በመቶ ብቻ የሆነችው ኦኪናዋ ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተለየው መሬት 70 በመቶ ያህሉን ትሸከማለች። እንዲህ ያለ ውል ሲታሰብ «የትኛው ወረዳ ነው የሚሸከመው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መውጫው እዚህ ከብዙዎች ግምት የቀለለ ነው። የጃፓንም የኮሪያም ውል በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል። ፊሊፒንስ በ1991 ሴኔቷ 12 ለ11 በሆነ ድምፅ የጦር ሰፈሩን ውል ውድቅ አድርጋ፣ አሜሪካኖቹ በ1992 ሱቢክ የተባለውን የባሕር ኃይል ሰፈር ለቀው ወጡ። የ1951ዱ የመከላከያ ውል ግን አልተነካም። በ1995 ቻይና ፊሊፒንስ የኔ የምትለውን፣ ሚስቺፍ የሚባለውን የባሕር ድንጋይ ያዘች፤ ፊሊፒንስም ቀስ በቀስ ተመልሳ በ2014 የአሜሪካ ጦር እየተመላለሰ የሚጠቀምባቸውን ሥፍራዎች ፈቀደች። ሰፈሩና ውሉ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ ለተደራዳሪ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ኒው ዚላንድ ሌላውን ጫፍ አሳይታለች። በ1985 የኑክሌር መሣሪያ መያዝ አለመያዟ ያልተረጋገጠ የአሜሪካ መርከብ ወደብ እንዳትገባ ከለከለች፤ አሜሪካም በ1986 አንዙስ በተባለው የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የአሜሪካ የመከላከያ ውል ለኒው ዚላንድ ያለባትን ግዴታ አገደች። ኒው ዚላንድ በመርሕዋ ጸናች፤ የደረሰባትም ወረራ የለም። ሆኖም አጠገቧ ጠላት የሌላት ደሴት መሆኗ ሳይጠቀስ ይህን ምሳሌ ለሌላ አገር መስጠት ማሳሳት ነው።

አማራጭ አራት፦ ስያሜ

«ከኔቶ ውጭ ያለ ዋና አጋር» የሚባለው ነው። ግብፅ፣ አውስትራሊያ፣ እስራኤል፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያላቸው፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በኋላ ያገኙት፣ ኬንያ ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ቀድማ የወሰደችው። የሚሰጠው ነገር የመሣሪያ ግዥ ቅድሚያ፣ ትርፍ ዕቃ፣ የጋራ ምርምርና ሥልጠና ነው። ሰጪው ብቻውን ሊነሣው ይችላል፤ የአፍጋኒስታን ስያሜ በ2022 ተነሥቷል። ፓኪስታን ከ2004 ጀምሮ ስያሜው እያላት በ2018 የአሜሪካ የጸጥታ እርዳታ ተቋርጦባታል። በነፃ ከመጣ አይጣልም፤ ወታደር ላክ ወይም ከእገሌ ጋር ተቆራረጥ ተብሎ ከመጣ ግን ዋጋውን አይመልስም።

አማራጭ አምስት፦ የጦር ሰፈር ማከራየት

ጅቡቲ የፈረንሳይን፣ የአሜሪካን፣ የጃፓንን፣ የኢጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ የቻይናን ሰፈር አንድ ላይ ታስተናግዳለች። አሜሪካ በ2014 ባደሰችው ውል የምትከፍለው በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለጅቡቲ ብልኅነቱ ተከራዩን ማብዛቷ ነው፤ አንዱ ቢቆጣ ሌላው አለ። ይህን ግን ባብ ኤል መንደብ በተባለው የመርከብ መተላለፊያ ወሽመጥ አጠገብ ያልተቀመጠ አገር ሊቀዳው አይችልም።

የአንድ ተከራይ ጣጣ ምን እንደሚመስል የእኛው ታሪክ ይናገራል። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ሁለት ውል ተፈራረሙ፤ አንደኛው አሥመራ የነበረውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት የሚያከራይ፣ ሁለተኛው የጦር መሣሪያና ሥልጠና የሚያስገኝ። ለሃያ ዓመታት በአፍሪካ በጥሩ ሁኔታ ከሠለጠኑት ጦሮች አንዱ የተገነባው በዚህ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አሜሪካ ጣቢያውን የፈለገችው ለሬዲዮ መጥለፊያና መገናኛ ነበር፤ ሳተላይት ሲመጣ የጣቢያው ዋጋ ወረደ፤ ከዋጋው ጋር ኢትዮጵያም ወረደች። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሶማሊያ ኦጋዴንን ስትወርር፣ ጦራችን የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ መለዋወጫ የሚሸጥለት አልነበረውም።

በማዶ በኩል ሶማሊያም ያው ደርሶባታል። በ1974 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ፣ የበርበራን ወደብ ሰጥታ ነበር። ሶቪየቶች ወደ ኢትዮጵያ ሲዞሩ በ1977 አባረረቻቸው፤ በ1980 ያንኑ በርበራ ለአሜሪካ ፈቀደች። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ጎረቤታሞች ደጋፊ ተቀያየሩ፤ የሞተው ሰው ግን አልተቀያየረም።

አማራጭ ስድስት፦ የአካባቢ ኅብረት

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። በጸጥታ ጉዳይ ግን አስጊውም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ስለሆነ ተረቱን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አለው፤ በሶማሊያ ከ2007 ጀምሮ ጦር አሰማርቷል፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በ2014 ተቀላቅለዋል። ድክመቱ ገንዘብና ማጓጓዣ ነው። ኔቶ ራሱ ወደ አፍሪካ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ በ2005 ዳርፉር ለዘመተው የአፍሪካ ኅብረት ጦር የአየር ማጓጓዣ ሰጠ፣ ቀጥሎ ለሶማሊያው ተልእኮ። ኔቶ አዲስ አበባም በአፍሪካ ኅብረት ዘንድ የማገናኛ ጽሕፈት ቤት አለው። ለአፍሪካ አገር ከኔቶ ጋር መሥራት ካስፈለገ ከዋጋ አንጻር የሚመረጠው መንገድ ይኸው በኅብረቱ በኩል የሚያልፈው ነው፤ ማንም አገር ብቻዋን መሬት አትሰጥም፣ ብቻዋን ወገን አትይዝም።

አማራጭ ሰባት፦ ገለልተኝነት

ርካሽ የሚመስለው ይህ ነው፤ አይደለም። ፊንላንድ ኔቶ ከመግባቷ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ወንድ ልጆቿን በብሔራዊ ውትድርና ታሠለጥን፣ መጠለያ ትቆፍር ነበር። ስዊዘርላንድም እንዲሁ ሕዝቧን አስታጥቃ ነው ገለልተኛ የሆነችው። ቤልጂየም ግን በ1839 ኃያላን የፈረሙላትን የገለልተኝነት ዋስትና ይዛ በ1914 ተወረረች።

ወደብ ለሌላት አገር የሚስበኝ የሞንጎሊያ መንገድ ነው። በሩሲያና በቻይና መካከል ተይዛ፣ ከሁለቱም ጋር በሰላም እየኖረች «ሦስተኛ ጎረቤት» በምትለው ፖሊሲ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከአውሮፓ ጋር ግንኙነት ታበዛለች። በ2012 የኔቶ አጋር ሆነች፤ የውጭ ሰፈር ግን በምድሯ የለም። የምትሰጠው ሰላም አስከባሪ ነው፤ የምታገኘው ሥልጠናና የሚያውቃት ወዳጅ ነው።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የመከላከል ግዴታ | ዋና ዋጋ | መውጫ | አገር ውስጥ የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|
| የኔቶ አባልነት | አለ፣ ዓይነቱ ለአባሉ የተተወ | ከፍተኛ የመከላከያ በጀት | በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ | ብዙ፤ ለሩቅ አገር ግን ዝግ |
| የኔቶ አጋርነት | የለም | ወታደር ማዋጣት፣ ጊዜ | ቀላል | ሥልጠና፣ ደረጃ፣ ገበያ |
| የሁለትዮሽ ውል | አለ | ገንዘብ፣ መሬት፣ የዕዝ ነፃነት | በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ፣ በተግባር ከባድ | እንደ ራስ ጥረት |
| ስያሜ | የለም | እንደ ድርድሩ | ሰጪው ብቻውን ያነሣዋል | መሣሪያ፣ ሥልጠና |
| ሰፈር ማከራየት | ብዙ ጊዜ የለም | መሬት፣ የዳኝነት ሥልጣን | እንደ ውሉ ዘመን | ኪራይ፤ ዕውቀት ጥቂት |
| የአካባቢ ኅብረት | ደካማ | ወታደር፣ መዋጮ | ቀላል | የዘመቻ ልምድ |
| ገለልተኝነት | የለም | የራስ ጦር ሙሉ ወጪ | አያስፈልግም | ሁሉም የራስ ነው |

ለማን ምን ይሆናል?

ድንበሯ ላይ ከራሷ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፣ በተለይም ኑክሌር የታጠቀ ጠላት ያላት አገር፣ የመክፈል አቅም ካላት የሁለትዮሽ ውል ትያዝ፤ አጋርነትን እላዩ ላይ ትደርብ። ጃፓንና ኮሪያ ያደረጉት ይህን ነው። በአጋርነት ብቻ መተማመን ለእንዲህ ያለች አገር አደገኛ ነው።

በጀቷ ጠባብ የሆነ፣ ችግሯ የባሕር ወንበዴ፣ ፈንጂ፣ የሳይበር ጥቃት ወይም ጦርን ማደራጀት የሆነ አገር የኮሎምቢያን መንገድ ትውሰድ። ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ መርጣ፣ ለእያንዳንዱ የጊዜ ገደብና የሚለካ ውጤት ታስቀምጥ። ዝርዝሩ ሲረዝም የሚላከው መኮንን ከትምህርት ይልቅ ስብሰባ ላይ ያልቃል።

የውስጥ ጦርነት ያለባት አገር ከየትኛውም አማራጭ መፍትሔ አትጠብቅ። ከላይ ያየናቸው የመከላከል ግዴታዎች የተበጁት ለውጭ ጥቃት ነው። የውስጥ ቁስል ይዛ የጦር ሰፈር የምታከራይ አገር፣ ተከራዩ ከአንድ ወገን ጋር ሲቆም ቁስሉን ታሰፋለች። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ እርቅ የሚፈልግ ቦታ ላይ የሚገባ የውጭ መሣሪያ ማንን እንደሚገድል ሕዝቡ ያውቀዋል።

ገንዘብ ብቻ ፈልጋ ሰፈር ልታከራይ የተነሣች አገር ደግሞ ከአንድ በላይ ተከራይ ማግኘት ትችል እንደሆነ መጀመሪያ ታረጋግጥ። ካልቻለች ውሉ ከአሥር ዓመት አይብለጥ፤ ኪራዩ ውስጥ የጥገና ትምህርት ቤትና የመለዋወጫ ማምረቻ ይግባ፤ ተከራዩ ጣቢያውን ሳይፈልገው ሲቀር የሚከፍለው ካሳም በቁጥር ይጻፍ። ቃኘው ላይ ያልተጻፈው ይህ ነበር።

ረቂቅ ውል እጃችሁ ቢገባ፣ ከመግቢያው ይልቅ ከአባሪው ጀምሩ። የወታደሮች ዳኝነት፣ የቀረጥ ነፃ መብት፣ የአየር ክልል አጠቃቀምና የመውጫ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ውሉ ለፓርላማ ቀርቧል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። የፊሊፒንስ ሴኔት በአንድ ድምፅ ልዩነት የአገሩን አቅጣጫ ማስቀየር የቻለው ጉዳዩ ለውይይት ስለቀረበለት ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል፤ አባሪዎቹም ከዋናው ውል ጋር አብረው ለምክር ቤቱ መቅረብ አለባቸው።